ጃፓን በምሳ ሰዓት እንደምን ሠለጠነች?

ስለ ጃፓን ሲነሣ የእኛ ሰው ምን እንደሚል ይታወቃል። ቶዮታ ይላል፤ ካራቴ ይላል፤ አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ማጥለቁን በኩራት ያነሣል። የቢሮ ሰው ከሆነ ደግሞ ካይዘንን ይጨምርበታል። የካይዘን ሥልጠና ወስዶ፣ ጠረጴዛውን አስተካክሎ፣ ፎቶ ከተነሣ በኋላ በወሩ ጠረጴዛው ወደ ቀድሞ መልኩ የተመለሰበት ሰው መቼም በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም…

እኔ ዛሬ የማነሣት ጃፓን ግን የፋብሪካዋ አይደለችም። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ነጭ ሽርጥ አስሮ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ለክፍል ጓደኞቹ ሾርባ የሚጨልፍባት ጃፓን ናት። ነገሩ ለእኛ ልጆች፣ በተለይም ለአራዳና ለፒያሳ ልጆች ምን እንደሚጠቅም ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ጃፓንን ማድነቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት በአርአያነት ታይቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ ‹‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን›› የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። ከበደ ሚካኤልም ‹‹ጃፓን እንደምን ሠለጠነች›› ብለው በርዕሱ ጠይቀው መጽሐፍ ጽፈዋል። ከእነዚያ ዘመናት ክርክር በአእምሯችን የቀረው ሕገ መንግሥቱ፣ ፋብሪካውና መርከቡ ነው። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋምም ትምህርቱን ያመጣነው ለአዋቂ ነው፤ ለሠራተኛና ለሥራ አስኪያጅ። ጃፓኖች ግን ለልጁ የሚነግሩት ገና ምሳ ሲበላ ነው።

ፒያሳ በአፍ ያስተማረችው

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የዛሬዋ ፒያሳ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያኖች መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በፊት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የአራዳ ገበያ ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና አረቡ ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ የኖረበት ሰፈር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ገፋው። ስሙና ማካሮኒው ግን ከወራሪው በኋላም እዚሁ ቀሩ።

የአራዳ ልጅ ስለ ሌላው ዓለም መጀመሪያ የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በአፉ ነው። ፓስታውንና ፓስቲውን ከጣሊያን፣ ሳምቡሳውን፣ ሙሸበኩንና ባቅላባውን ከአረብ ቤት ለመደ። የጎረቤት ልጅ በዓል ሲያከብር የተላከለትን ሳህን በላ፤ በማግሥቱ እናቱ ሳህኑን ባዶውን ስለማትመልስ የእኛም ድፎ ዳቦ ወደዚያ ሄደ። ማንም ‹‹ዛሬ ስለ የመን ባህል እንማራለን›› አላለውም። ነገር ግን የጎረቤቱን ጾም፣ በዓልና የማይበላውን ነገር ሳይቀር አውቆ አደገ። ዛሬ ምግብ ቤት ገብቶ ፓስታ በእንጀራ የሚያዝ ሰው የባዕድ ምግብ አዘዝኩ ብሎ የሚያስብ ይመስላችኋል?

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የአካባቢው መንደሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትኗል። የልማቱን ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነው። ሳህን ከበር ወደ በር ይዞር የነበረበት አጥር ሲነሣ፣ ያ ያለ መምህር የሚሰጥ ትምህርት ማን ይረከበው? በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተዘግቶ የሚያድግ ልጅ ሌላውን ሰው የት ይቅመሰው?

መልሱ ትምህርት ቤት ይመስለኛል። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቻቸውን ቁርስና ምሳ ይመግባሉ። መጋቢ እናቶች ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ያበስላሉ። ወጥ ቤቱ አለ፤ ማዕዱ አለ፤ ልጆቹም አሉ። የጎደለው፣ ያንን ማዕድ እንደ ትምህርት ማየት ነው። ጃፓኖች ያዩት ይህንን ነው።

ሾኩኢኩ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ‹‹ሾኩ›› ምግብ፣ ‹‹ኢኩ›› ማሳደግ። በምግብ አማካይነት ልጅን ማነጽ እንበለው። ጃፓን በዚህ ጉዳይ ላይ ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው በችግር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1889 በያማጋታ ግዛት ጽሩኦካ በምትባል ከተማ፣ በቡድሃ መነኮሳት ቤተ መቅደስ ውስጥ በተከፈተ ትምህርት ቤት፣ ምሳ መያዝ ለማይችሉ የድሃ ልጆች ምግብ መቅረብ ጀመረ። ምሳው በእጅ የተድቦለቦለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ጨዋማ ዓሣና በጨው የተቀመጠ አትክልት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ራሷ እጇን ዘርግታለች፤ ልጆቿ የጠጡት የዱቄት ወተት በእርዳታ የመጣ ነው። የትምህርት ቤት ምሳ በሕግ የጸናው በ1954 ነው። ለብዙ ዓመታት ሲቀርብ የቆየው ዳቦ ነበር፤ ሩዝ በይፋ ወደ ትምህርት ቤት ማዕድ የተመለሰው በ1976 ነው። ልብ በሉ! የሩዝ አገር ልጆች ከገዛ ሩዛቸው ጋር ትምህርት ቤት ላይ እንደገና መተዋወቅ ነበረባቸው።

ዛሬ በአንድ የጃፓን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምሳ ሲደርስ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከልጆቹ አስቀድሞ ርእሰ መምህሩ ወይም ሌላ ኃላፊ ይቀምሳል፤ ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ እንደሚያቀርበው ማለት ነው። ከዚያ የዕለቱ ተረኛ ልጆች እጃቸውን ታጥበው፣ ነጭ ሽርጥ አስረው ድስቱንና ሳህኑን ከወጥ ቤት ወደ ክፍላቸው ያመጣሉ። ሀብታም ድሃ፣ ወንድ ሴት ሳይባል ተራ ይደርሳል። ያው አንድ ዓይነት ምግብ ለሁሉም ይታደላል። መምህሩም እዚያው ከልጆቹ ጋር ይበላል። ሁሉም ሳይቀርብለት ማንም አይጀምርም። ሲያበቃ ሳህኑን የሚሰበስቡትና ክፍሉን የሚያጸዱት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። የወሩ የምግብ ዝርዝርም ለወላጅ ይላካል።

እንግዲህ የካይዘን አሠልጣኝ ለአርባ ዓመት ጎልማሳ ‹‹ዕቃን በቦታው፣ ሥራን በተራ›› እያለ ሲደክም የሚውልበትን ነገር የጃፓኑ ልጅ የተማረው በሾርባ ጭልፋ ነው።

ከመብላታቸው በፊት አንድ ላይ ‹‹ኢታዳኪማስ›› ይላሉ። ቃል በቃል ‹‹በትሕትና እቀበላለሁ›› እንደማለት ነው። ምስጋናው ለገበሬው፣ ለአብሳዩና ነፍሱን ለሰጠው ዓሣና አትክልት ጭምር እንደሆነ ለልጆች ይነገራቸዋል። ሲጨርሱ ‹‹ጎቺሶሳማ›› ይላሉ፤ የቃሉ ሥር ‹‹መሯሯጥ›› ነው። ለእናንተ ማዕድ ሲሉ ወዲያ ወዲህ ለተሯሯጡት ምስጋና ይሁን ማለት ነው። ከማዕድ በፊትና በኋላ የሚመርቅ ሽማግሌ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይህ ባዕድ ሊሆንበት አይችልም።

አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ ወንዱም ሴቱም እኩል የቤት አያያዝ ትምህርት ይማራሉ። ሩዝ መቀቀልና ሚሶ የሚባለውን ሾርባ መሥራት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ተጽፎ ያለ ነው። በእኛ አገር የባልትና ትምህርት ሲታሰብ ለረጅም ጊዜ የታሰበችው ሴት ልጅ ብቻ ናት። ‹‹ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል?›› እየተባልን ያደግን ሰዎች ዛሬ ብቻችንን ስንቀር በዕንቁላል ፍርፍር የምንከርመው ለዚህ ነው።

ጥሬ ዓሣና ጥሬ ሥጋ

ለልጅ ስለ ጃፓን ምግብ ሲነገረው መጀመሪያ የሚሰማው ‹‹ዓሣ በጥሬው ይበላሉ›› የሚለውን ነው። የሚከተለውም ‹‹ኤጭ!›› ነው። እስቲ ይታያችሁ፤ ይህን የሚለው አባቱ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የሚቆርጥ፣ በበዓል ደግሞ ክትፎ የሚቀርብለት ልጅ ነው! የሚያስጠይፈው ነገር ጥሬነቱ ሳይሆን እንግዳነቱ ነው። ልጅ ይህን አንዴ ከተረዳ ስለ ጃፓን ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍል ጓደኛው ምሳ ዕቃም አስተያየቱ ይለወጣል። ‹‹ኤጭ›› የምትለዋ ቃል በትምህርት ቤቶቻችን ስንት ልጅ ምሳውን ደብቆ እንዲበላ እንዳደረገች የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ተመሳሳይነቱ ሲፈለግ ብዙ ነው። ሚሶ አኩሪ አተር ተቀቅሎ፣ ጨው ተጨምሮበት፣ ኮጂ በሚባል እርሾ መሰል ሻጋታ ለወራት የሚብላላ ነው። እኛ ከባቄላና ከሱፍ ተዘጋጅቶ በሰናፍጭ የሚቦካ ስልጆ አለን፤ እንጀራችንም ያለ እርሾ አይሆንም። የጃፓን መነኮሳት ከሥጋና ከዓሣ ርቀው በአኩሪ አተርና በአትክልት የሚኖሩበት የገዳም አመጋገብ አላቸው፤ ሽሮና ጎመን የለመደ የጾም ልጅ ይህ አይገርመውም።

ልዩነቱም ያስተምራል። ባለፈው የዕረፍት ቀን ለእህቴና ለጎረቤት ልጆች ይህንኑ ስተርክላቸው ትንሿ ‹‹ታዲያ እነሱ እንዴት ይጎራረሳሉ?›› ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጃፓኖች ከአንዱ መብሊያ እንጨት ወደ ሌላው መብሊያ እንጨት ምግብ ማቀባበል ነውር ነው ይላሉ። ምክንያቱም ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ የሟችን አጥንት ቤተሰቡ በእንጨት የሚያነሣው እንደዚያ ስለሆነ ነው። መብሊያውን በሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከልም የሙት መሥዋዕትን ያስታውሳል። ለእኛ ፍቅር የሆነው ማጉረስ እዚያ በእንጨት ቢሞከር ለቅሶን የሚያስታውስ ይሆናል ማለት ነው። ልጅቷ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ አሰበችና ‹‹በእጅስ?›› አለችኝ። በትክክል እያሰበች ነበር። ሥነ ሥርዓት የሚባለው ነገር እያንዳንዱ ሕዝብ ከሚያስታውሰው ነገር የመነጨ መሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ የመማሪያ መጽሐፍ አላውቅም።

ሌላም አለ። የጃፓን ልጆች በትምህርት ቤት ምሳቸው ከሚወዷቸው ምግቦች ቀዳሚው ሱሺ አይደለም፤ ካሪ በሩዝ ነው። ካሪ ከሕንድ ተነሥቶ በእንግሊዞች በኩል በሜጂ ዘመን የገባ ነው። ቴምፑራ የሚባለው ጥብስ ደግሞ ከፖርቱጋሎች ጋር ይያያዛል። የእኛም በርበሬ ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ‹‹ንጹሕ የራሳችን›› የምንለው ማዕድ ሲመረመር ግማሹ የእንግዳ ስጦታ ሆኖ ይገኛል። ፒያሳ ይህን ያለ መምህር ታውቀው ነበር።

በአንድ ክፍለ ጊዜ ምን ይሠራል?

ለሕፃናት የሚመጥነው ሱሺ ሳይሆን ኦኒጊሪ ነው፤ ያ ጽሩኦካ ላይ ለድሃ ልጆች የቀረበው የተድቦለቦለ ሩዝ። እሳትና ቢላ አይጠይቅም። ሩዙን አዋቂ ቀድሞ ይቀቅለዋል። ልጆች እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፣ መዳፋቸውን በውኃ ያርሳሉ፣ ጨው ነካ ያደርጋሉ፣ ለብ ያለውን ሩዝ በሁለት እጃቸው እያሽከረከሩ ሦስት ማዕዘን ያስይዙታል። መሐሉ ላይ ትንሽ ማጣፈጫ ይገባል።

ሦስት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ረጅም ፍሬ ያለው ሩዝ ይበታተናል፤ አጭርና ወፍራም ፍሬ ያለውን መምረጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሩዝ ከቀዘቀዘ አይያያዝም፤ ሲያቃጥልም ለልጅ እጅ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የተቀቀለ ሩዝ ለሰዓታት ውጭ ከዋለ በሽታ ያመጣል፤ ወዲያው ይበላ። ኖሪ የሚባለው የባሕር አረም በከተማችን ውድ ነው፤ ግን ግድ አይደለም። በጃፓን ዋካያማ አካባቢ ሩዙን የሚጠቀልሉት በጨው በተቀመጠ የሰናፍጭ ጎመን ቅጠል ነው። እኛም የጎመን ቅጠል አፍልቶ መጠቅለል አያቅተንም።

ሩዙም ከሩቅ አይመጣም። በጣና ዳር ፎገራ ሩዝ ማምረት ከተጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ወረታ አካባቢ ባለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የጃፓኑ የልማት ድርጅት ጃይካ ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቷል። እንግዲህ መምህሩ ካርታ ሰቅሎ ከፎገራ እስከ አራዳ፣ ከአራዳ እስከ ቶኪዮ መስመር ቢያሰምር ጂኦግራፊው አብሮ ተሠራ ማለት ነው።

ሂሳብም አለበት። ‹‹ሩዝ›› የሚለው የጃፓን ፊደል ሲበተን ስምንት፣ አሥር፣ ስምንት የሚሉትን ቁጥሮች ይመስላል። ስለዚህ አንዲት ፍሬ ሩዝ ሳህን ላይ እስክትደርስ 88 ሥራ ተሠርቶባታል እያሉ ለልጆች ይነግራሉ፤ ፍሬ እንዳይጣል። የእኛ ልጆችስ የጤፍን ሥራ ቢቆጥሩ? ማረስ፣ መጎልጎል፣ መዝራት፣ ማረም፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ ማበጠር፣ ማስፈጨት፣ ማቡካት፣ መጋገር… ዳቦ መሬት ሲወድቅ አንሥተን እንድንስም ያስተማሩን እናቶች ምን ማለታቸው እንደነበር ልጁ ያኔ ይገባዋል። ስለ ጃፓን ሲማር የራሱን እናት ያውቃል ማለት ነው።

ጥንቃቄው

ጃፓኖች እንከን የለባቸውም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሳካይ ከተማ ከትምህርት ቤት ምሳ ጋር በተያያዘ የምግብ መመረዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ታመው ሕይወት ጠፍቷል። በ2012 ደግሞ በቶኪዮ አቅራቢያ በምትገኘው ቾፉ፣ የወተት ተዋጽኦ የማይስማማት አንዲት ተማሪ ከምሳ በኋላ ሕይወቷ አልፏል። ሳህኑን ካልጨረስክ አትነሣም እያሉ ልጆችን የሚያስጨንቁ መምህራንም ብዙ ተተችተዋል። ከእነርሱ የምንማረው ከነስህተታቸው ነው።

እዚህ ሲሆን ደግሞ የራሳችን ጥንቃቄ ይጨመራል። ለሚጾሙ ልጆች፣ ከደረቀ ዓሣ የሚሠራውን መረቅ ትቶ ኮምቡ በሚባለው የባሕር አረም ወይም በአትክልት ብቻ መሥራት ይቻላል። በጃፓን ወጥ ቤት የተለመዱት ሳኬና ሚሪን አልኮል ስላላቸው ለትምህርት ቤት አይሆኑም፤ የሙስሊም ልጆችን ቤተሰብም ቅር ያሰኛሉ። ማን ምን እንደማይስማማውና ምን እንደማይበላ ወላጅን አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው። ይህ ጥያቄ ራሱ ትምህርት ነው። የሌላውን ሰው ‹‹አልበላም›› ማክበር ከኦኒጊሪው የሚበልጥ ትምህርት ነው።

ወላጆችና መምህራን፣ ሐሳቤ አጭር ነው። ትልቅ በጀትና የውጭ አሠልጣኝ አያስፈልግም። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ልጆች በእጃቸው አንድ የሌላ አገር ምግብ ይሥሩ፤ መጀመሪያው ጃፓን ይሁን፣ ቀጥሎ የመን፣ ቀጥሎ አርመን። ከዚያ ቀን በኋላ ባሉት ቀኖች ሁሉ ደግሞ የራሳችንን የዕለት ምሳ በተራ ያድሉ፤ ወንዱም ሴቷም ሳህን ይሰብስቡ፤ ጎህ ሳይቀድ የተነሡትን መጋቢ እናቶች በስማቸው ጠርተው ያመስግኑ። በአራዳ ሳህን ከበር ወደ በር ሲዞር የነበረበት ዘመን በብዙ መንደር አብቅቷል። ሳህኑ ግን በትምህርት ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር ማድረግ በእኛው እጅ ነው።